በፈረስ ውድድር ጊዜ ለፈረስ ስለሚሰጥ መድኀኒትና ስለ ሕጉ አፈጻጸም

ፈረስን ለደመወዝ ሳይሆን ለደስታና ለክብር የሚጋልቡ ሰዎች በሚወዳደሩበት ሜዳ ለዳኞች ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረው የመድኀኒት ነገር ነው። ፈረስ አፍ የለውምና ሕመሙን አይናገርም። እግሩ የተጐዳ ፈረስ ማስታገሻ ተሰጥቶት ወደ ሜዳ ቢገባ ሕመሙ ይረሳለታል እንጂ ጉዳቱ አይሽርለትም፤ ሲዘልም ጅማቱ ሊበጠስ፥ ፈረሰኛውም አብሮ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ሕጉ የሚጠብቀው ሽልማትን ብቻ ሳይሆን ሕይወትንም ነው።

በ1921 እ.ኤ.አ. የተመሠረተውና መቀመጫው በስዊስ አገር በሎዛን ከተማ የሆነው ዓለም አቀፍ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን መድኀኒቶችን በሁለት ወገን ይለያቸዋል። አንደኛው ወገን ለውድድር ፈረስ ሕክምና የማይገባና ለማታለል የሚመች ስለ ሆነ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ሁለተኛው ለታመመ ፈረስ በደንብ የሚሰጥ፥ ነገር ግን በውድድር ቀን በሰውነቱ ሊገኝ የማይገባው ነው። በዚህም ፈረሱን ያሳከመ ሰው ከአታላይ ጋራ በአንድ ሚዛን አይመዘንም።

ሆኖም የተገኘው መድኀኒት ብቻውን የሰውን ልብ አይገልጥም። በ2008 እ.ኤ.አ. በኦሊምፒክ ጨዋታ ጊዜ በሆንግ ኮንግ ከተወዳደሩት ዘላይ ፈረሶች በአራቱ ካፕሳይሲን ተገኘባቸው። ይህ በርበሬን የሚያቃጥል ያደረገው ነገር ነው። በቅባት ሆኖ በጀርባ ቢቀባ ሕመም ያስታግሳል፤ በእግር ቢቀባ ግን ቆዳውን ስለሚያቃጥለው ፈረሱ እንጨቱን ላለመንካት እግሩን ከፍ አድርጎ ይዘላል። የኖርዌይ ቡድን በዚሁ ምክንያት የነሐስ ሜዳሊያውን አጣ። በ2004 እ.ኤ.አ. በአቴና ደግሞ የጀርመን ቡድን ለአንድ ፈረስ የቆዳ ሕመም በተቀባ ቅባት ምክንያት ወርቁን ለቀቀ።

ሐሳብን ማወቅ እንዲህ አስቸጋሪ ስለ ሆነ ሕጉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «በፈረሱ ሰውነት ተገኝቷልን?» ብሎ ነው። ከተገኘ ኀላፊው ፈረሰኛው ነው፤ ሎሌዬ ወይም ሐኪሜ ነው የሰጠው ቢል ከኀላፊነት አይድንም። የጥፋቱ ክብደት የሚመረመረው ከዚያ በኋላ ነው። ሐኪምና ጠበቃ ያለው ታላቅ ፈረሰኛ ይህን ይችለዋል፤ በጋጣው አንድ ፈረስ ብቻ ላለው ሰው ግን ከባድ ነው። በድርቆሹ ውስጥ አጤ ፋሪስ ተቀላቅሎ ፈረሱ ቢበላው አትሮፒን የተባለው መርዝ በሽንቱ ሊገኝ፥ ባለቤቱም ሳያውቅ ሊከሰስ ይችላል። ፌዴሬሽኑ ከመኖ ጋራ ሊገቡ የሚችሉ ብዙ ነገሮችን ለይቶ በቀለለ ሥርዓት እንዲታዩ ማድረጉ መልካም ፍርድ ነው። የተወሰደውም ሽንት ወይም ደም በሁለት ጠርሙስ ተከፍሎ ይታሸጋል፤ በአንደኛው ጥፋት ቢገኝ ተከሳሹ ሁለተኛው እንዲመረመርለት ሊጠይቅ ይችላል።

በአሜሪካ የአገር ውስጥ ውድድር ፌኒልቡታዞን የተባለው ማስታገሻ በተወሰነ መጠን ይፈቀዳል። በዓለም አቀፉ ውድድር ግን ክልክል ነው፤ በ2009 እ.ኤ.አ. በኮፐንሃገን ጉባኤ ጥቂት እንዲፈቀድ በድምፅ ተወስኖ ነበር፥ ብርቱ ተቃውሞ ስለ ተነሣ ሳይጸና ቀረ። የአሜሪካው አሠራር ላረጀ ፈረስ ርኅራኄ ነው የሚሉ አሉ፤ ሊያርፍ የሚገባውን ፈረስ በማስታገሻ ማሠራት ርኅራኄ መባሉ ግን ያጠራጥራል። ወጪውን በተመለከተ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ በፈረሱ ልክ ጥቂት የምርመራ ገንዘብ መክፈሉ የሚመሰገን ነው።

በአገራችን በአዊ የሚገኘው፥ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር እጅግ ብዙ ፈረስ ይሰለፋል። ይህን በመሰለ ስብሰባ ላብራቶሪ ቢርቅ እንኳ የወረዳው ሹም የእንስሳት ሐኪም አቁሞ፥ ፈረሶቹ ከመሮጣቸው በፊት በጠንካራ መሬት ላይ በእርምጃና በሶምሶማ እየተነዱ እንዲታዩ ማድረግ ይችላል። የባለ ርስቱም ፈረስ እንደ ሌላው ሰው ፈረስ በተራው ይታያል። የሚያነክሰው ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ መድኀኒት የተሰጠውም እንደ ሆነ ቀኑ፥ መጠኑና የሰጪው ስም በመዝገብ ተጽፎ ከፈረሱ ጋራ ይቀርባል።