የትንሿ እሽቅድምድም መኪና ሞተርና የስምጥ ሸለቆ አየር

(ለፊዚክስና ለእጅ ሥራ ትምህርት እጩ መምህራን የቀረበ)

መግቢያ

በራዲዮ የምትታዘዝ ትንሽ መኪና ሲባል ብዙዎቻችን የልጅ መጫወቻ ነው የሚመስለን። በባትሪ ለምትሄደው ይህ ልክ ሊሆን ይችላል። «ናይትሮ» የምትባለዋ ግን ሌላ ናት። ገልጠን ስናያት ካንዴላ፣ ካርቡራተር፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ዲፈረንሻል፣ አሞርዛተርና ማርሚታ አላት። አስፋልት ላይ ለመሽቀዳደም የምትሠራው የታወቀችዋ ዓይነት የእውነተኛይቱ መኪና አንድ አሥረኛ ስትሆን ስፋቷ 200 ሚሊ ሜትር ነው። የሲሊንደሯ ይዘት 2.1 ሲሲ ያህል ነው፤ የሻይ ማንኪያ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ይህችው ሞተር ግን በደቂቃ ከ30,000 ጊዜ በላይ ትዞራለች፤ መኪናይቱንም በሰዓት እስከ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ታስሮጣለች።

የእሽቅድምድሙ አገር ጃፓን፣ አውሮፓና አሜሪካ ነው። ታዲያ ለእኛ ምን ይረባናል? የሞተሮቹ መመሪያ ደብተር የሚጻፈው እንደ ኦሳካ ባለ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ በማይል ከተማ ነው። ኦኤስ የተባለው የታወቀ የትንንሽ ሞተሮች ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1936 የተቋቋመው እዚያው ኦሳካ ነው። በደብተሩ ላይ ያለውን ቁጥር እንዳለ አዳማ ላይ ብናውለው ሞተሩ በወጉ አይሠራም። የዚህ ትምህርት ዓላማም ይኸው ነው። ቁጥር በቃል መያዝና የቁጥሩን ምክንያት ማወቅ የተለያዩ መሆናቸውን በዚህች መኪና እናያለን።

1. ሞተሩ እንዴት ይሠራል?

ሞተሩ ባለ ሁለት ምት ነው። ባልቦላ የለውም፤ አየርና ነዳጅ የሚገባው፣ ጭሱም የሚወጣው በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ባሉ ቀዳዳዎች ነው። ካንዴላውም እንደ ቤንዚን መኪና ካንዴላ ብልጭታ አይሰጥም። በውስጡ የፕላቲኒየም ቅልቅል የሆነ የተጠማዘዘ ቀጭን ሽቦ አለ። ሲነሣ በ1.5 ቮልት ባትሪ ይግላል። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ባትሪው ይነቀላል፤ ሽቦው ግን በሜታኖሉ መቃጠልና በፕላቲኒየሙ ባሕርይ እየጋለ ይቀጥላል። ይህን ካንዴላ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ለገበያ ያቀረበው አሜሪካዊው ሬይ አርደን ነው።

ነዳጁ ከሦስት ነገሮች ይቀላቀላል።

ሀ) ሜታኖል፦ ዋናው ነዳጅ።
ለ) ናይትሮሜቴን፦ በውድድር ብዙውን ጊዜ ከ16 እስከ 25 ከመቶ። ይህ ፈሳሽ በራሱ ውስጥ ኦክሲጅን ይዟል። አንድ ኪሎ ቤንዚን በሚገባ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ሲፈልግ፣ ሜታኖል 6.4 ገደማ፣ ናይትሮሜቴን ግን 1.7 ብቻ ይበቃዋል። ስለዚህ ሞተሩ በዚያው አየር ብዙ ነዳጅ ሊያቃጥል ይችላል ማለት ነው።
ሐ) ዘይት፦ ሞተሩ ለብቻው የዘይት ቋት የለውም። ማለስለሻው ሁሉ ከነዳጁ ጋር ነው የሚመጣው።

ይህችን ሦስተኛዋን ነጥብ ልብ በሉ። ነዳጅ ሲያንስ ዘይትም ያንሳል። ሞተር የሚቃጠለው ከዚህ የተነሣ ነው።

2. የአየሩ ነገር

ካርቡራተር አየርን በሚዛን አይመዝንም፤ በመጠን ይሰፍራል እንጂ። አንድ ጣሳ ጤፍና አንድ ጣሳ ፈንዲሻ እኩል ጣሳ ይሞላሉ፤ ሚዛን ላይ ሲወጡ ግን አይገናኙም። የቆላና የደጋ አየርም እንዲሁ ነው።

በባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 1013 ሄክቶፓስካል ያህል ነው። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1600 እስከ 1700 ሜትር ላይ ስለሆነች ግፊቱ ወደ 830 ይወርዳል። በ15 ዲግሪ የባሕር ጠለል አየር በሜትር ኩብ 1.225 ኪሎ ግራም ይመዝናል። የአዳማ የቀትር አየር በ30 ዲግሪ ሲሰላ 0.95 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። አንዱ ለሌላው ሲካፈል 78 ከመቶ አይሞላም። ሞተሩ በደብተሩ ከተጻፈለት አየር ከአምስት እጅ አንድ እጅ በላይ ጎደለበት ማለት ነው።

አየሩ ሲጎድል ነዳጁ ካልተቀነሰ «ይወፍራል»። ሞተሩ ጭስ ያበዛል፣ ይንተባተባል፣ ጉልበት ያጣል፤ ግን አይሞትም። አደገኛው የዚህ ተቃራኒ ነው። እስቲ ሻሸመኔ ላይ የተስተካከለች መኪና ይዘን ወደ መተሐራ እንውረድ። ሻሸመኔ 1900 ሜትር ገደማ፣ መተሐራ ደግሞ 950 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ግፊቱ 12 ከመቶ ያህል ይጨምራል። የመተሐራ ሙቀት ከዚህ ጥቂቱን መልሶ ይወስዳል፤ በ22 እና በ35 ዲግሪ ብናሰላው አየሩ ከ7 እስከ 8 ከመቶ ከብዶ ይገኛል። መርፌው ግን ሻሸመኔ ላይ እንደ ተዘጋ ነው። አየር በዛ፣ ነዳጅ ባለበት ቀረ፤ «ቀጠነ» ይባላል። መጀመሪያ ሞተሩ ደስ በሚል ድምፅ ይጮኻል፣ ፍጥነትም ይጨምራል። ጀማሪ «እንዴት ጥሩ ሆነ!» ይላል። ከጥቂት ዙር በኋላ ዘይት ያነሰው ፒስቶን ከሲሊንደሩ ጋር ይነካከስና ቀጥ ይላል። ከዚያ ወዲያ ማስተካከል የለም፤ መለወጥ ነው።

ስለዚህ ደንቡ ይህ ነው፦ ወደ ቆላ ስትወርዱ መርፌውን ክፈቱ፤ ወደ ደጋ ስትወጡ ቀስ እያላችሁ ዝጉ። ጠዋትና ቀትርም እንደ ሁለት አገር ናቸው። የጠዋት ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነውና የቀትሩን መርፌ ለጠዋት አታውሉ።

3. መርፌውን ማስተካከል

በካርቡራተሩ ላይ ሁለት መርፌዎች አሉ፤ አንዱ ለከፍተኛ ፍጥነት፣ አንዱ ለዝቅተኛ። ሚኒሞ የሚያዘው ብሎን ለብቻው ነው። ሥራው በቅደም ተከተል ይሄዳል።

ሀ) ሞተሩን አሙቁ። በቀዘቀዘ ሞተር የተደረገ ማስተካከያ ዋጋ የለውም።
ለ) የከፍተኛውን መርፌ ወደ ግራ በማዞር ነዳጁን አወፍሩት፤ ጭስ ከማርሚታው በግልጽ ይታይ።
ሐ) የሰዓት አንድ ቁጥር ያህል፣ ማለትም የአንድ ዙር አንድ አሥራ ሁለተኛ ወደ ቀኝ ዝጉ። ሁለት ሦስት ዙር ነድታችሁ ተመልከቱ፤ ከዚያ ድገሙ።
መ) ረጅሙ ቀጥታ ላይ ቀጭን የጭስ መስመር እያለ ጉልበቱ ከሞላ አቁሙ። ጭሱ ከጠፋ አልፋችኋል፤ መልሱ።
ሠ) ከዚህ በኋላ ዝቅተኛውን፣ በመጨረሻ ሚኒሞውን አስተካክሉ። ቅደም ተከተሉን ያፋለሰ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲያዞር ይውላል።

የሲሊንደሩ ራስ ሙቀት ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሆናል። ቴርሞሜትር የሌለው ሰው፣ እናቶቻችን የምጣድን ግለት እንደሚፈትኑት፣ የውኃ ጠብታ ያሳርፍበታል። ጠብታዋ ጥቂት ሰከንድ እየተንጫጫች ካለቀች ደህና ነው፤ እንደ ነካች ከጠፋች ሞተሩ ከመጠን በላይ ግሏል። ነገር ግን እዚህም ላይ አየሩ ጣልቃ ይገባል። ውኃ አዳማ ላይ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ95 ዲግሪ ገደማ ነው፤ መተሐራ ላይ በ97 ገደማ፣ ሻሸመኔ ላይ በ94 ገደማ። እንግዲህ ጠብታዋ ብቻዋን በቂ ምስክር አይደለችም፤ ከጭሱና ከድምፁ ጋር ትታይ።

በስስ አየር የጎደለውን ጉልበት ለመመለስ ሦስት መንገድ አለ፤ የናይትሮሜቴኑን እጅ መጨመር፣ ከሲሊንደሩ ራስ ሥር ካሉት ስስ ቀለበቶች አንዱን አውጥቶ እመቃውን ማሳደግ፣ ወይም ጥርሱ ያነሰ ትንሽ ማርሽ መግጠም። ሦስቱን ባንድ ጊዜ ያደረገ ግን የትኛው እንደ ረዳው አያውቅም። አንድ ነገር ለውጡ፣ ሞክሩ፣ ጻፉ።

4. አቧራው

አዳማ የነፋስ ከተማ መሆኗን በዙሪያዋ ያሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ይመሰክራሉ፤ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2012፣ ሁለተኛው በ2015 ሥራ ጀምረዋል። የስምጥ ሸለቆ አቧራ ደግሞ እሳተ ገሞራ የተፋው አመድና ድንጋይ ያለበት ስለሆነ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርዳል። ፒስቶንና ሲሊንደር ለዓይን በማይታይ ክፍተት የተገጣጠሙ ናቸውና አንድ ቁንጥር አቧራ ብዙ ያበላሻል። ስለዚህ የአየር ፊልትሮው ስፖንጅ ዘይት ይነከር፤ ከእያንዳንዱ ውድድር በኋላ ይታጠብ። አስፋልቱም አስቀድሞ ይጠረግ።

5. ጎማ፣ ሞላና ዲፈረንሻል

ሞተር ብቻ ውድድር አያሸንፍም፤ ጉልበቱ መሬት የሚነካው በጎማ ነው።

ሀ) ጎማ፦ የውድድሩ ጎማ ስፖንጅ ስለሆነ እየነዱት ያልቃል። ዲያሜትሩ ከ62 ወደ 58 ሚሊ ሜትር ቢወርድ ዙሪያው ከ195 ወደ 182 ሚሊ ሜትር ገደማ ይቀንሳል። ያው የሞተር ዙር ከመቶ ስድስት ተኩል ያህል ያነሰ መንገድ ይሄዳል ማለት ነው። ፀሐይ በጋገረው አስፋልት ላይ ጠንከር ያለው ስፖንጅ ይመረጣል።
ለ) ክብደት፦ ባጃጅ በፍጥነት ስትታጠፍ ለምን ወደ ውጭ ታዘነብላለች? የክብደቷ ማዕከል ከፍ ስላለ ነው። የእሽቅድምድም መኪና ግን ሆዷ ከመሬት ከአምስት እስከ ስድስት ሚሊ ሜትር ብቻ ከፍ ይላል፤ ግራና ቀኟም እኩል ይመዝናል።
ሐ) ዲፈረንሻል፦ መኪና ስትታጠፍ የውጭው ጎማ ረዘም ያለ መንገድ ይሄዳል፤ ዲፈረንሻል ሁለቱ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ ይፈቅዳል። በውስጡ የሚሞላው የሲሊኮን ዘይት ሲወፍር ጎማዎቹ ተያይዘው ይዞራሉ፤ ሲቀጥን ይላቀቃሉ።
መ) አሞርዛተር፦ በዚህም ውስጥ ዘይት አለ። ሙቀት ዘይትን ስለሚያቀጥን ጠዋት የተስማማው ቀትር ላይ ይዘልላል፤ ያኔ ወፈር ያለ ይደረጋል።

6. በውድድሩ ቀን

ዋናው ውድድር ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል። የትንሿ መኪና የነዳጅ ቋት 75 ሲሲ ብቻ ስለሆነ በየጥቂት ደቂቃው መሙላት ግድ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ይነዳል፣ አንድ ሰው ይሞላል። ሲነሡ መጀመሪያ የእጅ ራዲዮው፣ ቀጥሎ የመኪናዋ መቀበያ ይከፈታል፤ ሲያቆሙ በተቃራኒው። ይህን የዘነጋ ሰው ትእዛዝ የማትሰማ መኪና በሕዝብ መካከል ለቀቀ ማለት ነው።

7. ጥብቅ ማሳሰቢያ

ሜታኖል መርዝ ነው። ጥቂቱ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም። ነበልባሉ በቀን ብርሃን አይታይም፤ ሰው እየተቃጠለ እንኳ ሌላው ላያየው ይችላል። ይህን ነዳጅ በሃይላንድ ጠርሙስ መያዝ ፈጽሞ ክልክል ነው። የጠማው ተማሪ ውኃ መስሎት ቢያነሣው ማን ይመልሰዋል? በራሱ ዕቃ፣ ስሙ ተጽፎበት፣ ተቆልፎ ይቀመጥ። ሞተሩ በተዘጋ ክፍል አይነሣ። ለተማሪዎች ሲታይም መምህሩ ራሱ ያስነሣው እንጂ ልጅ አይንካው።

8. ለክፍላችን ምን ይጠቅማል?

ናይትሮ መኪና የሌለው ትምህርት ቤት ትምህርቱ አይቀርበትም። ልጆች በአሮጌ ኩሽኔታና በጣውላ የሚሠሩት ጋሪ ስለ ሰበቃ፣ ስለ ክብደት ማዕከልና ስለ መሪ ያስተምራል። ዲፈረንሻልን ባጃጅ የሚጠገንበት ጋራዥ ሄዶ ማሳየት ይቻላል። የአየር ግፊትን ደግሞ አንድ ማሰሮ ውኃና አንድ ቴርሞሜትር ያሳያሉ።

ከዚህ የሚመረቅ መምህር ነገ መተሐራ፣ ባቱ ወይም ሻሸመኔ ይመደባል። «ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል» የሚለውን ከደብተሩ ይጽፍላቸዋል። አንዲት ተማሪ በቴርሞሜትር ለክታ «ጋሼ፣ የእኔ 94 ላይ ፈላ» ስትለው ምን ይመልሳል? ቁጥሩን ብቻ የያዘው «ተሳስተሻል» ይላታል፤ ልጅቷም ዳግመኛ አትለካም። ምክንያቱን የያዘው ግን «ትክክል ነሽ፤ ለምን ይመስልሻል?» ይላታል። ሻሸመኔ ላይ የተዘጋ መርፌ መተሐራ ላይ ሞተር ያቃጥላል፤ ምክንያቱ ያልታወቀ ቁጥርም የልጅ ጥያቄ ያቃጥላል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. አዳማ ላይ በቀትር የተስተካከለ ሞተር በማግሥቱ ማለዳ ቢነሣ ይወፍራል ወይስ ይቀጥናል? ምክንያቱን አስረዱ።
2. ጎማው ከ60 ወደ 57 ሚሊ ሜትር ቢያልቅ በአንድ ዙር የሚሄደው መንገድ ከመቶ ስንት ይቀንሳል?
3. «ቀጠነ» የተባለ ሞተር መጀመሪያ ላይ ፍጥነት መጨመሩ ጀማሪውን ለምን ያታልላል? ይህን ለሰባተኛ ክፍል ተማሪ እንዴት ታስረዳላችሁ?
4. በምትመደቡበት ከተማ ውኃ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ አስቀድማችሁ ገምቱ፤ እዚያ ስትደርሱ ለክታችሁ አስተያዩ።