ብርሃንን በርቀት ለማስተላለፍ የሚሆን ተጣጣፊ ቁስ አመራረጥ፦ ከኮምቦልቻና ከደሴ አንጻር

መግቢያ

በሰፊ የሥራ አዳራሽ ከመስኮት ርቆ የተቀመጠ ሠራተኛ፣ ከጣሪያው በላይ ፀሐይ እያቃጠለች እርሱ በአምፖል ይሠራል፤ ኃይል ሲቋረጥም በጨለማ ይቀራል። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና የኢንዱስትሪ ፓርክ ላላት ለኮምቦልቻ ይህ ሊታሰብበት የሚገባ ጉዳይ ነው። የፀሐይን ብርሃን በምስር ሰብስቦ በተጣጣፊ ገመድ ወደ አዳራሹ ማውረድ አንዱ መፍትሔ ነው። ይህ ጽሑፍ ገመዱ ከምን ቁስ ቢሠራ እንደሚሻል ይመረምራል።

ብርሃንን መምራት

አንድ ቁስ ጥርት ብሎ ስለታየ ብቻ ብርሃንን ይመራል ማለት አይደለም። ብርሃን ከገመድ ጋር እየታጠፈ የሚጓዘው በሙሉ ውስጣዊ ነጸብራቅ ነው። ለዚህም የእምብርቱ የስብረት መለኪያ ከሽፋኑ መብለጥ አለበት። ግንበኞች ለውሃ ልክ የሚጠቀሙበትን ፕላስቲክ ቱቦ ለአብነት እንውሰድ። የውሃው መለኪያ 1.33፣ የቱቦው ደግሞ 1.5 ያህል ስለሆነ ብርሃኑ ከውሃው ወደ ቱቦው ግድግዳ ይሸሻል፤ በዚያም በጭረትና በአቧራ ይባክናል። በአንጻሩ መለኪያው 1.49 የሆነ የአክሪሊክ ክር 1.40 ገደማ በሆነ ፕላስቲክ ሲሸፈን፣ ከዘንጉ እስከ 30 ዲግሪ ያዘነበለ ጨረር ተቀብሎ ይመራል።

ርዝመትና ብክነት

ለስሌት ያህል፣ በአንድ ሜትር የሚባክነውን የሚታይ ብርሃን ለፖሊካርቦኔት 1፣ ለአክሪሊክ 0.2፣ ለሲሊካ መስታወት 0.01 ዴሲቤል እንያዝ። ከ10 ሜትር በኋላ ከፖሊካርቦኔት 10 በመቶ፣ ከአክሪሊክ 63 በመቶ፣ ከሲሊካ 98 በመቶ ያህል ብርሃን ይወጣል። በ50 ሜትር የአክሪሊኩ ወደ 10 በመቶ ሲወርድ የሲሊካው 89 በመቶ ይሆናል። በሁለቱ ጫፎች ላይ ደግሞ በእያንዳንዱ 4 በመቶ ያህል ተንጸባርቆ ይጠፋል።

ይህን ያየ ሰው ሲሊካን ወዲያው ሊመርጥ ይችላል። ሆኖም ሲሊካ እንዲታጠፍ እጅግ መቅጠን አለበት። ስለዚህ ብዙ ክሮች በአንድ ይታሰራሉ፤ ክብ ክሮች የቱንም ያህል ተጠጋግተው ቢደረደሩ ከ91 በመቶ በላይ የገመዱን ፊት አይሸፍኑም፤ በክፍተቱ ላይ ያረፈው ብርሃን ይባክናል። አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የአክሪሊክ ክር ግን በ25 ሚሊ ሜትር ሬዲየስ ይታጠፋል፤ በስለት ተቆርጦም ሊገጠም ይችላል።

የብርሃኑ ዓይነትም ይወስናል። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለመገናኛ የሚውለው 1550 ናኖ ሜትር የማይታይ ጨረር በሲሊካ ክር ይህን ያህል ርቀት ቢጓዝ 5 ዴሲቤል ብቻ አጥቶ 32 በመቶው ይደርሳል። አረንጓዴ ብርሃን ግን 250 ዴሲቤል ስለሚያጣ ዓይን የሚያየው ነገር አይተርፍም። በመሆኑም በዚህ ርቀት መልእክት እንጂ መብራት መላክ አይቻልም።

ሙቀትና ጉም

ምስር ከብርሃኑ ጋር ታህተ ቀይ ጨረርንም ይሰበስባል። አክሪሊክ ይህን ጨረር በአጭር ርቀት ውስጥ ውጦ ይግላል፤ ከ85 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ለረጅም ጊዜ ስለማይቋቋምም መግቢያ ጫፉ ይበላሻል። የጥጥ ብናኝ በሚበዛበት አዳራሽ የጋለ ጫፍ የእሳት ስጋት ጭምር ነው። ስለዚህ ታህተ ቀዩን የሚለይ ማጣሪያና አጭር የመስታወት ዘንግ ከአክሪሊኩ በፊት መግባት አለባቸው።

ምስር የሚሰበስበው በቀጥታ የሚመጣውን ጨረር ነው። ጉም የበተነው ብርሃን ከየአቅጣጫው ስለሚመጣ በክር ጫፍ ላይ ሊሰበሰብ አይችልም። ከኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ጉም ለሚያዘወትራት ደሴ፣ በተለይ በክረምት፣ የተሻለ ገመድ መግዛት ይህን ችግር አይፈታም።

መደምደሚያ

ከጣሪያ እስከ ሥራ ቦታ ከ10 እስከ 15 ሜትር ለሆነ ርቀት፣ መግቢያው ከሙቀት የተጠበቀ የአክሪሊክ ክር ተመራጭ ነው። ርቀቱ ከ20 ሜትር ሲያልፍ ከብርሃኑ ከግማሽ በላይ ስለሚባክን የሲሊካን ወጪ መመዘን ተገቢ ይሆናል። እንግዲህ መራጩ የቁሱን ጥራት ከመጠየቁ አስቀድሞ የመንገዱን ርዝመትና የመግቢያውን ሙቀት ለክቶ ይነሣ። አምፖሉም ለማታና ለደመናማ ቀን በቦታው ይቆይ።