መዥገርና የሚያመጣው በሽታ

አንድ እረኛ ልጅ ትኩሳት ያዘው። ራሱን ያመዋል፤ ወገቡን ይቆረጥመዋል። እናቱም፣ «ምች መትቶት ነው» ብላ ዳማከሴ አሸችው። ሁለት ቀን አለፈ፤ ትኩሳቱ ግን አልበረደም። በሦስተኛው ቀን እግሩን ስታጥብ ከጉልበቱ በስተኋላ ጥቁር ቅርፊት ያለው ትንሽ ቁስል አየች። በዚያው በኩል ብሽሽቱ ላይ ንፍፊት ወጥቶበታል። «ምን ነክሶህ ነው?» ብትለው፣ «ያለፈው ሳምንት መዥገር ነቅዬ ጥያለሁ» አላት። ወዲያው ጤና ጣቢያ ወሰደችው። መድኃኒት በጀመረ በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀው።

ምልክቶቹ

መዥገር ደም መጥጦ ብቻ አይሄድም። የያዘውን የበሽታ ተሕዋስ ሲነክስ በምራቁ ወደ ሰው ያስገባል። የመዥገር ትኩሳት የሚባለው በሽታ የሚመጣው እንዲህ ነው። ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ቀን ቆይቶ እነዚህን ምልክቶች ያሳያል፦

1. ትኩሳትና ከባድ ራስ ምታት፤
2. በተነከሰው ቦታ ጥቁር ቅርፊት ያለው ቁስል፤
3. በቁስሉ አቅራቢያ ንፍፊት፤
4. አንዳንድ ጊዜ በገላ ላይ ሽፍታ።

ንክሻው ስለማያም ብዙ ሰው አያስታውሰውም። ስለዚህ የበሽተኛውን ብብት፣ ብሽሽት፣ የጉልበት ኋላና የራስ ጠጉር እንመልከት። ቁስል ባይገኝም ቤት መቀመጥ አይገባም፤ ትኩሳቱ ወባ ወይም ግርሻ ሊሆን ይችላል። ይህ የሚለየው ደም ሲመረመር ነው። መዥገር ነክሶን ከሆነ ለጤና ባለሙያው እንንገር። የታዘዘውን መድኃኒት ተሻለን ብለን ሳናቋርጥ እንጨርስ።

መዥገር ተጣብቆ ሲገኝ

በወረንጦ ከቆዳችን አስጠግተን እንያዘው። ሳናጣምም ቀስ ብለን ቀጥ አድርገን እንሳበው። ላምባ ማፍሰስ፣ በእሳት መተኮስ ወይም በጥፍር ማፍረጥ አይገባም። ቦታውንና እጃችንን በሳሙና እንታጠብ። ቀኑንም እናስታውስ።

ከብቶቻችንንም እንይ

መዥገር የላም ግት ያቆስላል፤ ቆዳ ያበላሻል። ከብት ትኩሳት ይዞት ሽንቱ ከቀላ፣ ወይም እየዞረ ከወደቀና ከተንፈራገጠ፣ መዥገር ያመጣው በሽታ ሊሆን ስለሚችል ሳንዘገይ የእንስሳት ጤና ባለሙያ እንጥራ። የበረትን መዥገር መቀነስ የእረኛውንም ጤና መጠበቅ ነው።

ጥያቄዎች

1. እናቲቱ በመጀመሪያው ቀን ምን ማየት ነበረባት?
2. መዥገር እንዴት ይነቀላል?
3. በሰፈራችን ትኩሳት ሁሉ «ምች» ይባላልን? ተወያዩበት።