ድንጋይ የሚያስተምረው መስቀል

በዳሪሙም ሆነ በመቱ ከጎረቤቶቻችን ጋር ስለ እምነት ስንነጋገር አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይገጥመናል፦ «የመስቀል ቅርጽ ማክበር ጣዖት ማምለክ አይደለምን?» ብዙዎቻችን «ከአባቶቻችን የተቀበልነው ነው» ብለን ዝም እንላለን። ይህ መልስ እውነት ቢሆንም ለጠያቂው አይበቃውም።

ጥያቄው በሌላም አገር ተነሥቶ ነበር። በ8ኛው መቶ ዘመን ገደማ ሩትዌል በተባለ ስፍራ ከ5 ሜትር በላይ የሚረዝም የድንጋይ መስቀል ተቀርጾ ቆመ። ስፍራው ዛሬ በስኮትላንድ ይገኛል፤ ያን ጊዜ ግን በእንግሊዞች መንግሥት ሥር ነበር። በጎኖቹ ላይ ጌታችን ዕውሩን ሲፈውስ፣ ኃጢአተኛዪቱም ሴት እግሩን በጠጉርዋ ስታብስ ይታያል። እኛን ይበልጥ ያስደነቀን ግን አባ ጳውሎስና አባ እንጦንስ በበረሃ ኅብስት ሲቆርሱ መቀረጻቸው ነው። የግብፅን መነኮሳት ገድል የምናውቀው እኛ ብቻ አልነበርንም! በአውሮፓ አቆጣጠር በ1642 ዓ.ም. ይህ መስቀል በአገሩ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ውሳኔ መሠረት እንደ ጣዖት ተቆጥሮ ተሰባበረ። በ1823 ዓ.ም. ስብርባሪውን ሰብስቦ መልሶ ያቆመው የዚያው ደብር ቄስ ሄንሪ ደንካን ነበር። ሁለቱ ክንዶች ስላልተገኙ አዲስ ተቀረጹለት።

በአገራችን ንጉሥ ዔዛና በ4ኛው መቶ ዘመን ክርስትናን ሲቀበል በገንዘቡ ላይ የነበረውን የጨረቃ ምልክት በመስቀል ለወጠ። ፊደል የማያውቅ ነጋዴም ሳንቲሙን አይቶ የንጉሡን እምነት ይረዳ ነበር።

ከሁሉ የጠለቀውን ትምህርት የምናገኘው ግን በላሊበላ ነው። የቤተ ጊዮርጊስን ጣራ ሁሉም በፎቶግራፍ ያውቀዋልና እንለፈው። በቤተ ማርያም ምሥራቃዊ ግድግዳ ላይ ሦስት ሦስት ሆነው በሁለት ረድፍ የተፈለፈሉ መስኮቶች አሉ። በትውፊት እንደሚነገረው የላይኞቹ ሦስቱ ምሥጢረ ሥላሴን፣ በመስቀል ቅርጽ የተሠሩት የታችኞቹ ደግሞ ቀራንዮን ያመለክታሉ፤ የመካከለኛው የጌታችን፣ የግራና የቀኙ አብረውት የተሰቀሉት የሁለቱ ወንበዴዎች ነው። ከአንደኛው ወንበዴ መስኮት በላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ ከሌላው ግን ቀዳዳዋ ከበታች ናት። የመጀመሪያው «አስበኝ» ብሎ ገነት የገባው ፈያታዊ ዘየማን ነው። ጠራቢው ቅዱስ ሉቃስ በምዕራፍ 23 የተረከውን ንስሐና እልከኝነት አንድ ፊደል ሳይጽፍ በሁለት ቀዳዳዎች ለየው። እኛ በአንድ ሰዓት ትምህርት እንኳ አንጨርሰውም!

እንግዲህ ያ ምዕመን ወደ ግድግዳው ቀና ሲል የሚያስበው ድንጋዩን አልነበረም፤ የተሰቀለውን ጌታ ነበር። ለጎረቤታችን የምንሰጠው መልስም ይኸው ነው።

መምህራን ሆይ፣ በሚቀጥለው ትምህርት ሦስቱን የታች መስኮቶች ከነቀዳዶቻቸው በጠመኔ በሰሌዳው ላይ ሣሉ። የቅዱስ ሉቃስን ወንጌል ከማንበባችሁ በፊት ልጆቹን «የትኛው የማን ነው? በምን አወቃችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ምንባቡን ከመልሳቸው በኋላ አንብቡላቸው።