የአራስ ሕፃን የሽንት ጨርቅ፦ አመራረጡ፣ አስተሳሰሩ፣ አስተጣጠቡ

የመውለጃው ቀን ሲቃረብ ቤተሰቡ ስለ ሕፃኑ ልብስና ብርድ ልብስ ማውራት ይጀምራል። የሽንት ጨርቅ የሚታሰበው ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው፤ ሲታሰብም ወፍራሙና የሚያምረው ይፈለጋል። እኔ የምመክረው ከሌላ ጥያቄ እንዲጀምሩ ነው፦ ቤትዎ ውሃ የሚመጣው በየስንት ቀኑ ነው? ልብስስ የሚሰጣው የት ነው? ጨርቅ ጀምረው የሚተዉ ወላጆችን ብዙ ጊዜ የሚያሸንፋቸው ማድረቁ ነው፤ የትናንቱ ገመድ ላይ ሳይደርቅ የዛሬው ያልቃል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ቶሎ የሚደርቀውን ያስቀድሙ።

ጨርቁን መምረጥ

ለአራስ የሚሻለው ስስና ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ነው፤ አራት ማዕዘን ሆኖ ጎኑ ከ60 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ሲታጠፍ ብዙ ድርብ ይሆናል፣ ሲሰጣ ግን አንድ ድርብ ሆኖ ስለሚዘረጋ ነፋስና ፀሐይ ያገኙታል። ተደራርቦ የተሰፋ ወፍራም ጨርቅ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ እንደሆነ ይቆያል። አራት ማዕዘኑ ሌላም ጥቅም አለው፤ ለአንድ ወር ሕፃን ጠበብ ተደርጎ የታጠፈው ለስድስት ወር ልጅ ሰፋ ተደርጎ ይታጠፋል፣ ሌላ መግዛት አያስፈልግም።

ጨርቁን ለማግኘት ሩቅ መሄድ የለብዎትም። እናቶቻችን ሲጠቀሙበት የኖሩት ያረጀ ነጠላ ዛሬም ከገበያው ብዙ ዕቃ ይበልጣል። ደጋግሞ የታጠበ የሸማ ጥጥ ለስላሳ ነው፣ ውሃ ይጠጣል፣ ቶሎ ይደርቃል። ጥለቱን ግን ቆርጠው ያውጡት፤ ብዙ ጊዜ ከጥጥ ውጭ በሆነ ክር ስለሚሠራ ውሃ አይጠጣም፣ ቆዳም ይፈገፍጋል። የተቆረጠውን ጠርዝ በስሱ ያስጠቅልሉት።

ነጠላ ከሌለ አቡጀዴ በሜትር ገዝተው ለልብስ ሰፊ ይስጡ። አዲስ አቡጀዴ ሸካራ ነው፣ ውሃም ቶሎ አያስገባም። ፋብሪካ የቀባው ማጠንከሪያና የጥጡ የራሱ ቅባት እስኪለቅ በሙቅ ውሃና በሳሙና አራት አምስት ጊዜ መታጠብ አለበት። መድረሱን ለማወቅ አንድ ጠብታ ውሃ ይጣሉበት፤ ጠብታው ወዲያው ከሰረገ ደርሷል፣ ላዩ ላይ ከተንከባለለ ገና ነው። ይህ ሥራ ከመውለጃው ወር በፊት ይለቅ።

ከሰልባጅ የሚገዛ የጥጥ አንሶላም ይሆናል፤ መጀመሪያ ግን ቀቅለው ያጥቡት። ሻጩ «ጥጥ ነው» ካለዎት አንድ ክር መዝዘው ያቃጥሉ። ጥጥ ነድዶ ለስላሳ አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ቀልጦ ደረቅ እንክብል ይሠራል።

አሁን በሱቅና በኢንተርኔት የሚሸጡ ባለኪስ የሽንት ጨርቆች አሉ፤ ውጫቸው ውሃ አያሳልፍም፣ ውስጣቸው ንጣፍ የሚገባበት ኪስ አለው፣ ጎናቸው ላይ ሲጫኑት ጠቅ ብሎ የሚይዝ ቁልፍ አላቸው። ለትልቅ ሕፃን ጥሩ ናቸው፤ ለአራስ ግን አልመክራቸውም። ሦስት ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን ጭኑ ላይ ክፍት ይሆኑና ያፈሳሉ። ከሁለተኛው ወር በኋላ ለጉዞ ሁለት ወይም ሦስት ቢኖርዎት ይበቃል። ንጣፋቸው ማይክሮፋይበር ከሆነ ኪሱ ውስጥ ይግባ እንጂ የሕፃኑን ቆዳ በቀጥታ አይንካ፤ የቆዳውን እርጥበት መጥጦ ያደርቀዋል።

አራስ ሕፃን በቀን ከ10 እስከ 12 ጊዜ ይቀየርለታል። በየቀኑ የሚያጥቡና በአንድ ቀን የሚደርቅልዎት ከሆነ 24 አራት ማዕዘን ጨርቅ ይበቃል። ውሃ በፈረቃ የሚመጣ ከሆነ ወይም ልደቱ ክረምት ላይ ከዋለ 36 ያዘጋጁ። በተጨማሪ ሌላ 12 ጨርቅ ለሁለት ለሁለት ቆርጠው 24 የውስጥ ንጣፍ ያሠሩ። ከላይ የሚለበስ ውሃ የማያሳልፍ ሱሪ አምስት፣ መርፌ ቁልፍ ስድስት፣ መጥረጊያ የሚሆን ትንንሽ ጨርቅና ክዳን ያለው ባልዲ ይጨመሩ። ሱሪው ጠፋ ብለው ፌስታል አይሰሩበት፤ ሙቀት አፍኖ ቆዳውን ያቆስላል፣ ፊቱ ላይ ከደረሰም ትንፋሽ ያሳጣል።

አስተጣጠፍና አስተሳሰር

የአስተጣጠፉ ዓይነት ብዙ ነው። ለጀማሪ የሚቀለው ይህ ነው፦

1. ጨርቁን ዘርግተው ከጥግ ወደ ጥግ ያጥፉና ሦስት ማዕዘን ያድርጉት። ረጅሙ ጎን ወደ ወገብ፣ ሹሉ ወደ እግር ይሁን።

2. ረጅሙን ጎን 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይመልሱት። ለአራስ ካላሳጠሩት ደረቱ ድረስ ይደርሳል።

3. ንጣፉን መጀመሪያ ለሁለት፣ ከዚያ ለሦስት አጥፈው መሃል ላይ ያኑሩት። ወንድ ወደ ፊት ስለሚሸና ለእሱ ፊት ለፊቱ ይወፍር፤ ለሴት መሃሉና ወደ ኋላው።

4. ሕፃኑን ያስተኙ። ወገቡ ከታጠፈው ጠርዝ ጋር እኩል ይሁን። ሹሉን በእግሮቹ መሃል አሳልፈው ወደ ሆዱ ያምጡ።

5. እትብቱ ገና ካልወደቀ ጨርቁ ከእትብቱ በታች ይታጠፍ። እትብት የሚወድቀው ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ እስከዚያ ደረቅና ነፋስ የሚያገኘው መሆን አለበት፣ ሽንት የነካው ጨርቅ ሊሸፍነው አይገባም።

6. ሁለቱን ክንፎች ከግራና ከቀኝ አምጥተው ሹሉ ላይ ያገናኙና በመርፌ ቁልፍ ይያዙ። መርፌውን ሲሰኩ የራስዎ ጣቶች በጨርቁና በሆዱ መካከል ይሁኑ፤ ጫፉም ወደ ጎን እንጂ ወደ ሆድ አይዙር።

7. ወገቡ ላይ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተዉ። ሱሪውን ካለበሱ በኋላ ዙሪያውን በጣትዎ ይዳብሱ፤ በጭኑ በኩል ትንሽ ጨርቅ እንኳ ከወጣ ልብሱንም አልጋውንም ያረጥባል።

አስረው ሲጨርሱ የሕፃኑ ጉልበቶች እጥፍ፣ ጭኖቹም ከፈት ብለው መቀመጥ አለባቸው፤ የዳሌው መጋጠሚያ በደንብ የሚያድገው እንዲህ ሲሆን ነው። ከዚያ በኋላ እግሩን አቅንቶ ጥፍር አድርጎ መጠቅለል ይህን ያበላሸዋል፤ ዳሌው ከቦታው እንዲወጣ ሊያደርግ ይችላል። አያቶች «እግሩ እንዳይጎብጥ» ብለው ሲያጠብቁ በአክብሮት ይንገሯቸው። ሙቀት ከፈለጉለት ከወገቡ በላይ ጠቅልለው እግሩን ልቅ ይተዉለት።

ሰገራ ካለ ወዲያው፣ ሽንት ብቻ ከሆነ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ይቀይሩ። ሌሊት ንጣፉን ሁለት ያድርጉ። ሴት ልጅ ሁልጊዜ ከፊት ወደ ኋላ ትጠረግ።

ጨርቁ የሚነግርዎት

ስለ ጨርቅ ከምወዳቸው ነገሮች ትልቁ ይህ ነው። የሚጣለው ዳይፐር ሽንቱን ስለሚውጠው ሕፃኑ ስንት ጊዜ እንደሸና ለማወቅ ያስቸግራል፤ ጨርቅ ምንም አይደብቅም። በመጀመሪያው ቀን አንድ፣ በሁለተኛው ሁለት እርጥብ ጨርቅ ይጠበቃል፤ ከአምስተኛው ወይም ከስድስተኛው ቀን ጀምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ስድስት ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ካነሰ ሕፃኑ በቂ ወተት እያገኘ ላይሆን ይችላል፤ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።

የመጀመሪያው ሰገራ ጥቁር አረንጓዴና እጅግ የሚጣበቅ ነው፤ ለእነዚያ ሁለት ሦስት ቀናት የሚጣል አሮጌ ቁራጭ ይጠቀሙ፣ ደግ ጨርቅ አያበላሹ። በአምስተኛው ቀን አካባቢ ወደ ቢጫ ይለወጣል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብርቱካንማ የሸክላ ቀለም ያለው ነጠብጣብ ቢያዩ አይደንግጡ፤ ከአምስተኛው ቀን በኋላም ከቀጠለ ግን ያስመርምሩ። ሴት ሕፃን በመጀመሪያው ሳምንት ጥቂት የደም ምልክት ልታሳይ ትችላለች፤ ከእናቷ የተቀበለችው ሆርሞን ሲቀንስ የሚመጣ ስለሆነ በራሱ ይጠፋል። ሰገራው ነጭ ወይም አመድማ ከሆነ ቀን ሳያሳልፉ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ የጉበት ወይም የሐሞት መስመር ችግር ምልክት ሊሆን ይችላል።

አስተጣጠብ

«የሕፃን ሰገራ አይጎዳም» የሚለውን አባባል ይተዉት፤ እንደ ትልቅ ሰው ሰገራ በሽታ ያስተላልፋል። ሰገራውና የመጀመሪያው እጣቢ ሽንት ቤት ይግቡ፤ ደጅ ወይም ቦይ ውስጥ አይደፉ። ጨርቅ ከቀየሩ በኋላ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ባልዲው ሁልጊዜ ይከደን፤ ቤት ውስጥ ሌላ ትንሽ ልጅ ካለ ደግሞ ውሃ አይቋጠርበት።

መጀመሪያ ጨርቁን በቀዝቃዛ ውሃ ያለቅልቁት። ሙቅ ውሃ ቀድሞ ከነካው እድፉ ጨርቁ ላይ ይበስላል። ቀጥሎ በሙቅ ውሃና በተመጠነ የዱቄት ሳሙና አሽተው ያጥቡት። ከዚያ አረፋ እስኪጠፋ፣ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ያለቅልቁ፤ በጨርቅ ውስጥ የቀረ ሳሙና ከሽንት ጋር ሲገናኝ የሕፃኑን ቆዳ ያቃጥላል። ውሃ በፈረቃ ለሚያገኝ ቤት አንድ ዘዴ አለ፤ የዛሬው የመጨረሻ ማለቅለቂያ ንጹሕ ስለሆነ ከድነው ያቆዩትና ለነገው የመጀመሪያ ማለቅለቂያ ያድርጉት።

በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ሕፃኑ ተቅማጥ ወይም የቆዳ ፈንገስ ሲኖረው ደግሞ በየቀኑ፣ ጨርቆቹን ለአሥር ደቂቃ ይቀቅሉ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ በመሆኗ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን በቂ ነው። ውሃ የማያሳልፈው ሱሪ አይቀቀልም፣ ይሰነጠቃል። የታጠበ ጨርቅ ሕፃኑ ሲሸናበት ወዲያው ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ካመጣ ውስጡ የተጠራቀመ ነገር አለ ማለት ነው፤ ያለ ሳሙና ቀቅለው ደጋግመው ያለቅልቁት።

በረኪና ካስፈለገ በጥቂቱና ሽንቱ ሙሉ በሙሉ ከታጠበ በኋላ ብቻ ይጠቀሙ። በረኪና ከሽንት አሞኒያ፣ ከሆምጣጤ ወይም ከሎሚ ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይወጣዋል። የልብስ ማለስለሻ ደግሞ ፈጽሞ አይጨምሩ፤ ክሩን በቅባት ይሸፍንና ውሃ መጠጣቱን ያስተወዋል። ለእድፍ ከፀሐይ የሚበልጥ የለም፤ እርጥቡን ጨርቅ ቀትር ላይ ያስጡት።

ክረምት ላይ ቤት ውስጥ ገመድ ወጥረው ነፋስ በሚገባበት መስኮት አጠገብ ያስጡና በካውያ ያጠናቅቁት። በአፍሪካ ሞቃትና እርጥበታማ አካባቢዎች እርጥብ ልብስ ላይ እንቁላል የምትጥል ዝንብ አለች፤ እጩ ቆዳ ውስጥ ገብቶ እብጠት ያመጣል። በእንዲህ ያለ ቦታ የሚኖሩ ከሆነ እያንዳንዱ ጨርቅ ሁለቱም ገጹ በጋለ ካውያ ይተኮስ። ጨርቅ ለማድረቅ ብለው አራስ ያለችበት ዝግ ክፍል ውስጥ ከሰል አያቀጣጥሉ። ጭስ ባይታይም የከሰል ጋዝ እናትንም ልጅንም በእንቅልፋቸው ይገድላል።

ቆዳው ሲቀላ

ቶሎ ቶሎ ይቀይሩ፣ በንጹሕ ውሃ ብቻ ያጥቡት፣ በቀን ጥቂት ጊዜ ሳይታሰር ይቆይ። ዚንክ ያለበት ቅባት ይረዳል፤ ቅባት ጨርቁ ውሃ እንዳይጠጣ ስለሚያደርግ ግን በመሃል ስስ ቁራጭ ያንጥፉ። ፓውደር አይነስንሱ፤ ብናኙ ወደ ሳንባው ይገባል። ቅላቱ በሁለት ሦስት ቀን ካልቀነሰ፣ ወይም ብሽሽቱ ውስጥ ገብቶ ዙሪያው ትንንሽ ቀይ ነጠብጣብ ካወጣ ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል ለጤና ባለሙያ ያሳዩት።

በመጨረሻ ለአባትና ለቤተሰቡ የምለው አለኝ። አራሷ ቁስሏ ሳይሽር፣ ቀንና ሌሊት እያጠባች ሳፋ ላይ መጎንበስ የለባትም። ቢያንስ እስከ ክርስትናው፣ ለወንድ 40 ለሴት 80 ቀን፣ የጠዋቱ እጥበት የአባት፣ መስቀልና ማጠፉ የሌላ ሰው ሥራ ይሁን። ማን ምን እንደሚሠራ ከመውለጃዋ በፊት ተነጋገሩ። አራስ ጠያቂ ምን ላምጣ ብሎ ከጠየቃችሁም ሳታፍሩ ለስላሳ ያረጀ ነጠላ እንዲያመጣ ንገሩት።