ከጋፋት እስከ ሊባኖስ፤ ለአገልግሎት የወጣ ቤተሰብ



በዚህ ሩብ ዓመት ለጥናት ያቀረብነው ታሪክ በሩቅ አገር የተፈጸመ አይደለም። ከሐሙሲት ወደ ጣና የሚወርደው መንገድ ቆራጣ ያደርሳል፤ በወረታ በኩል ወደ ምሥራቅ የሚታጠፈው ደግሞ ደብረ ታቦር ያወጣል፤ ከዚያም ጥቂት አለፍ ሲሉ ጋፋት ናት። ለፕሮጀክት ክትትል ስንመላለስ እነዚህን ቦታዎች ደጋግመን አይተናል። ጋፋት ስትነሣ ሁሉም የሚያስታውሰው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ነው። እኛ ግን ዛሬ የምናነሣው በዚያ ዘመን በቤጌምድርና በደምቢያ ጎጆ ቀልሰው የኖሩትን ባልና ሚስቶች ነው።

በሐዋርያት ሥራ የምናገኛቸውን አቂላንና ጵርስቅላን አስቡ። ባልና ሚስት ናቸው፤ ድንኳን እየሰፉ በእጃቸው ሥራ ይተዳደራሉ፤ ከሮም ወደ ቆሮንቶስ፣ ከቆሮንቶስ ወደ ኤፌሶን ይሰደዳሉ፤ ቤታቸውም የጸሎት ቤት ነበር። በስዊዘርላንድ በባዝል ከተማ አጠገብ የተቋቋመው የቅዱስ ክሪሾና ማሠልጠኛ ወደ አገራችን ወጣቶችን ሲልክ ይህንኑ አብነት ይዞ ነበር፤ የእጅ ሙያ ያለው ሰው በሙያው እየኖረ ወንጌልን ያስተምር ዘንድ። ከእነዚህ አንዱ የነበሩት ዮሐን ማርቲን ፍላድ በ1847 ዓ.ም. ከዮሐን ክራፕፍ ጋር መጡ። ላኪያቸውም አስቀድመው ጎንደር የቆዩትና በኋላ በኢየሩሳሌም የፕሮቴስታንት ጳጳስ የሆኑት ሳሙኤል ጎባት ነበሩ። ፍላድ በኢየሩሳሌም ታገለግል የነበረችውን ፓውሊነ ኬለርን አግብተው በደምቢያ በቤተ እስራኤል መካከል ተቀመጡ።

እነዚህ ሰዎች በእምነት ከእኛ የተለዩ ነበሩ፤ ይህን መሸፈን አያስፈልግም። ነገር ግን አቡነ ሰላማና ዐፄ ቴዎድሮስ ሥራውን የፈቀዱበትን ውል ልብ በሉት፤ ከቤተ እስራኤል የሚያምን ቢገኝ የሚጠመቀው በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ነው። የመጣው እንግዳ ሙያውንና ትምህርቱን ያበርክት፤ ጥምቀቱ፣ ቁርባኑና መጽሐፈ ምእመናኑ ግን በባለቤቱ እጅ ይቆይ እንደ ማለት ነው። ዛሬ በየደብሩ ከልዩ ልዩ ድርጅቶች ጋር የመግባቢያ ሰነድ የምትፈራረሙ የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ ያ ውል ከብዙ ሰነዶቻችን ይልቅ ግልጽ እንደ ነበር ሳትታዘቡ አትቀሩም።

በጋፋት የሰፈሩት ባለሙያዎች ነገር ግን አላማረም። ንጉሠ ነገሥቱ መጀመሪያ የመንገድና የሠረገላ ሥራ አዘዟቸው፤ በኋላ መድፍ እንዲያቀልጡ ጠየቋቸው። አናውቅም ቢሉም አልቀረላቸውም፤ ሞክረው፣ ከሽፎባቸው፣ ደግመው ሞክረው በመጨረሻ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን አወጡ። ለማስተማር የመጣ እጅ መሣሪያ ሠሪ ሆነ። ሙያ ያለው ሰው ሙያው ለምን እንደሚውል ራሱ ካልወሰነ ሌላው ይወስንለታል።

ወደ ፍላድ ቤተሰብ እንመለስ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ በመቅረቱ የእንግሊዝ ቆንስል ካሜሮንና ሚስዮናዊው ስተርን ታሠሩ። በ1858 ዓ.ም. ሊያስፈታ የተላከው ራሳም በቆራጣ ሰፍሮ እስረኞቹን ከመቅደላ አስመጥቶ ሳለ ነገሩ ተበላሸና እርሱም ተያዘ። በዚያው ሚያዝያ ንጉሠ ነገሥቱ ፍላድን ወደ እንግሊዝ አገር ላኩ፤ ባለሙያዎችና የሥራ መሣሪያዎች ይዘው እንዲመለሱ። ወይዘሮ ፓውሊነና ልጆቻቸው ግን በመያዣነት ቀሩ።

ፍላድ ለንደን ደርሰው ከንግሥቲቱ ጋር ተገናኙ፤ መጻሕፍትም ይህን ጉዞ በሰፊው ይተርካሉ። እኛ ግን ከኋላ የቀረችውን ሴት እናስብ። በዚያ ክረምት መግቢያ በቆራጣ ኮሌራ ገባ፤ ሰፈሩ ወደ ጋፋትና ወደ ደብረ ታቦር ሲነሣ በሽታውም አብሮ ተነሣ። ሕፃናት ታቅፋ፣ የሰው አገር ቋንቋ እየተናገረች፣ ባልዋ ይመለስ አይመለስ ሳታውቅ አንድ ዓመት ያህል ጠበቀች። የእንግሊዝ መንግሥት በመስከረም መጨረሻ 1859 ዓ.ም. በጻፈው ደብዳቤ እስረኞቹ ካልተፈቱ ባለሙያዎቹ ከምጽዋ አልፈው እንደማይመጡ ቆረጠ። ፍላድ ይህን መራር መልስ ይዘው ነው በ1859 ዓ.ም. ወደ ደብረ ታቦር የተመለሱት። አለመመለስ ይችሉ ነበር፤ የመለሳቸው ቃል ኪዳናቸው ነው፤ እርሷም እዚያ ነበረች።

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን አቃጥለው መድፉን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ሲጓዙ የባለሙያዎቹ ቤተሰቦች ከሰፈሩ ጋር ወራት የፈጀውን መንገድ ተጓዙ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ወደቀች፤ እነርሱም አገር ለቀው ወጡ።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን አንድ ነገር እንናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ገጠር ደብር የውኃ ጕድጓድ ሥራ ስንከታተል ካህኑ ከሌላ አጥቢያ ተዛውረው የመጡ ነበሩ። እኛ የመጋዘኑን ቁልፍ፣ የሲሚንቶውን ቍጥርና የኮሚቴውን ቃለ ጉባኤ ጠይቀን ጨርሰናል። ባለቤታቸው እንጀራና ቡና አቅርበው ከምድጃው ኋላ ተቀምጠው ነበር። ልጆቹ የት ይማራሉ ብለን የጠየቅነው በሦስተኛው ጉዟችን ነው፤ ለካስ ቤት ባለመኖሩ ሁለቱ በአያታቸው ዘንድ ቀርተዋል። በፕሮጀክቱ ሰነድ ለጠባቂ መጠለያ ተብሎ በጀት ተይዞ ነበር፤ ለካህኑ ቤተሰብ ግን ማንም አላሰበም፤ እኛም አላሰብንም። በሚቀጥለው የሰበካ ጉባኤ ስብሰባችሁ ከሌላ ቦታ የመጣውን አገልጋይ ቤት ማን እንደሚሠራ፣ ባለቤታቸውም በሥልጠናው ስም ዝርዝር ለምን እንደማይገቡ ብትነጋገሩበት እንወዳለን።

ቤተ ክርስቲያናችን ራሷ ልጆቿን ባሕር ማዶ ልካለች። በኋላ አቡነ ይስሐቅ የተባሉት አባ ላእከ ማርያም ማንደፍሮ በ1962 ዓ.ም. ወደ ጃማይካ ተልከው በካሪቢያን ደሴቶች ብዙዎችን አጥምቀዋል። እርሳቸው መነኵሴ ነበሩ። ቤተሰብ ይዞ የሚወጣው ሕጋዊ ቄስ ግን ሌላ ስንቅ ያስፈልገዋል።

ከጋፋት ሰዎች ቴዎፍሎስ ቫልድማየር የተባሉት ያገቡት የጆን ቤልን ልጅ ሱዛንን ነበር፤ አባቷ የዐፄ ቴዎድሮስ ወዳጅ እንግሊዛዊ፣ እናቷ የአገራችን ሴት። ባልና ሚስቱ ከመቅደላ ወደ ሊባኖስ ሄዱ፤ በብሩማና ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ቫልድማየር ዕድሜያቸው ከስድሳ ካለፈ በኋላ በ1888 ዓ.ም. ለአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ለማቋቋም ተነሡ፤ በዚያ ዘመን በአካባቢው እንዲህ ያለ ሕመምተኛ በሰንሰለት ይታሰር ነበርና። ግድ ሆኖባቸው መድፍ ያቀለጡ እጆች በሽምግልና ሰንሰለት ፈቱ።

ፍላድና ፓውሊነ ደግሞ በጀርመን አገር ተቀመጡ። ፍላድ ከዚያ ሆነው ከደምቢያ ልጆች ጋር መጻጻፍን አላቋረጡም፤ ወደ ውስጥ መግባት ሲከለከሉ እስከ ምጽዋ አጠገብ እስከ ምንኵሉ ድረስ መጥተው ያሳደጓቸውንና ያስተማሯቸውን አገኙ፤ ከእነዚህ አንዱ ሚካኤል አረጋዊ ነበሩ። ፍላድና ቫልድማየር፣ አንዱ በጀርመን ሌላው በሊባኖስ፣ በአንድ ዓመት በ1907 ዓ.ም. ዐረፉ።