መጽሐፍ ቅዱስን በቤት ስለ ማጥናት፤ የመሪጌታና የወጣት ምልልስ

መጽሐፍ ቅዱስን በግል ማጥናት፣ አንድ ክርስቲያን ከቅዳሴና ከስብከት ሌላ በቤቱ ተቀምጦ ቅዱሳት መጻሕፍትን በተራ ማንበቡ፣ ያልገባውን መጠየቁና የገባውን መኖሩ ነው። በፎገራ ሜዳ ይህን የሚያደርግ ወጣት ሁለት ወቀሳ አያጣም፤ አንዱ «ለብቻው ያነበበ ይስታል»፣ ሌላው «አማርኛው የሚሲዮን መጽሐፍ ነው» የሚል። ከዚህ በታች ያለው የአንድ የወረታ መሪጌታና ከሩዝ አምራች ቤት የወጣ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ምልልስ የሚዞረው በእነዚሁ በሁለቱ ላይ ነው።

ጠያቂ፦ የኔታ፣ ቅዳሴ የሚያስቀድስ፣ ስብከት የሚሰማ ሰው ደግሞ በቤቱ ማንበብ ምን ያደርግለታል?

መሪጌታ፦ በአንድ ቅዳሴ ከሐዲስ ኪዳን አራት ጊዜ ይነበባል፤ ከጳውሎስ መልእክት፣ ከሌሎቹ ሐዋርያት መልእክት፣ ከሐዋርያት ሥራ፣ በመጨረሻም ከወንጌል። ከወንጌሉ አስቀድሞ ከዳዊት ምስባክ አለ። ይህ ሁሉ በአንድ ጧት ይሰማል። ቀድሞ ያላነበበ ሰው የወንጌሉን ታሪክ ይዞ ይወጣ ይሆናል፤ የጳውሎስን ክርክር ግን መካከሉ ላይ ደርሶበት ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ አያውቀውም። የፎገራ ገበሬ ለሩዙ ማሳውን በአፈር ከትሮ ዝናቡን ይይዛል እንጂ «ዘንቧል፣ በቃ» ብሎ አይተኛም፤ የቤት ንባብም እንዲሁ ነው።

ጠያቂ፦ ለብቻው ያነበበ ይስታል የሚሉትስ?

መሪጌታ፦ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ታሪክ አለ። ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በሠረገላው ላይ ሆኖ ኢሳይያስን ያነብ ነበር፤ ፊልጶስ ደርሶ ተረጎመለት፣ አጠመቀውም። ሰባኪዎች «ያለ መምህር አይሆንም» ለማለት ይጠቅሱታል፤ ልክ ናቸው። ነገር ግን መምህሩ ሲደርስ መጽሐፉ ተገልጦ፣ ጥያቄውም ተዘጋጅቶ እንደ ጠበቀው ሳይናገሩ ያልፋሉ። በምዕራፍ 17 ያሉት የቤርያ ሰዎችም የተመሰገኑት ከጳውሎስ የሰሙትን በየቀኑ ከመጻሕፍት ጋር ስላመሳከሩ ነው። የሚስተው ያነበበ ሰው አይደለም፤ አንዲት ጥቅስ ቆርጦ ከላይና ከታች ያለውን የጣለ ነው። ዛሬ በስልክ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው የአንድ መስመር ጥቅስ ያስፈራል እንጂ ምዕራፉን ከዳር እስከ ዳር ያነበበ ገበሬ አያስፈራም።

ደግሞስ ማንበብ ለዚህ አገር ምን እንግዳ ነገር አለው? ልጅ ፊደል ቆጥሮ የዮሐንስን መልእክትና ወንጌል ካነበበ በኋላ ዳዊት ይገባል። ዳዊት የደገመ ምእመን 150ውን መዝሙር በሳምንቱ ቀናት ከፍሎ፣ አንዱን ቀን 20 ሌላውን 30 እያለ ይጸልየዋል፤ ለእሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ይቀሩለታል። ይህ በቤት የሚደረግ የመጽሐፍ ንባብ ካልሆነ ሌላ ምን ይባላል? ጎድሎ የኖረው ትርጉሙ ነው፤ ግእዙን በቃሉ የያዘ ብዙ ሰው ያለውን አያውቀውም ነበር። ትርጉሙ በጉባኤ ቤት፣ ከብሉይ፣ ከሐዲስ፣ ከሊቃውንትና ከመነኮሳት መምህራን ዘንድ ነበረ፤ እዚያ ደግሞ ለዓመታት በእንተ ስሟ ለማርያም እያለ ለምኖ የተማረ ካልሆነ የሚደርስበት አልነበረም። ከዚህ ወደ ሰሜን፣ ጎንደር ላይ መምህር ኤስድሮስ የመጻሕፍቱን ትርጓሜ፣ አንድምታውን፣ አርሞ «ታች ቤት» የተባለውን ያቆመው ከቀደሙት የተቀበለውን ሳይመረምር አላልፍም ብሎ ነው። እርሱን ማንም ሳተ አላለውም።

ጠያቂ፦ አማርኛውን ግን ያመጡት ነጮች ናቸው ይባላል።

መሪጌታ፦ ይህ ነገር በየሰበካው በተነሣ ቁጥር ያንገበግባል። አማርኛውን የተረጎመው ጎጃሜ ነው። ስሙ አቡ ሩሚ ይባላል፤ ከጣና ማዶ ተወልዶ በወጣትነቱ ጎንደር ላይ ለስኮትላንዳዊው መንገደኛ ለጄምስ ብሩስ ያስተረጉም እንደ ነበር ተጽፎለታል። ከዚያ አገሩን ለቆ ኢየሩሳሌምን፣ ሶርያን፣ ፋርስን፣ ሕንድን ዞረ፤ አርጅቶ ታሞ ካይሮ ሲደርስ የፈረንሳዩ ቆንስል አስሊን ደ ሸርቪል አስታመመው። ሲያገግም ሁለቱ ሥራ ጀመሩ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ ቆንስሉ በሩን ለእንግዳ ሁሉ ዘግቶ ከሽማግሌው ጋር ይቀመጣል፤ ከዐረብኛው ቃል በቃል ያነብለታል፣ እርሱ ወደ አማርኛ ይመልሳል፤ አስቸጋሪ ቦታ ሲገጥማቸው ዕብራይስጡንና ሌሎቹን ቅጂዎች ያያሉ። ይህ 10 ዓመት ሄደ። ያለቀው ጽሑፍ 9,539 ገጽ ነበር! አቡ ሩሚ ሥራውን ፈጽሞ ኢየሩሳሌምን ተሳለመና ወደ ካይሮ ሲመለስ ወረርሽኝ ገደለው። በእጁ የጻፈውን በእ.ኤ.አ. 1820 የእንግሊዙ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር በዊልያም ጆዌት በኩል ገዛው፤ አራቱ ወንጌላት በ1824፣ ሐዲስ ኪዳን በ1829፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1840 ለንደን ታተመ።

እንግዲህ ነጮቹ ምን አደረጉ? ገንዘብ ከፈሉ፣ አረሙ፣ አተሙ። ቃሉን ያገኘው የጎጃሙ ሰው ነው፤ መጽሐፉን «የነጭ» የሚል ሁሉ የአገሩን ልጅ ድካም ለባዕድ እየሰጠ መሆኑን አያስተውልም። የመጽሐፉ ስም የጠለሸው በኋላ በመጣው ነገር ነው። ሚሲዮናዊው ሳሙኤል ጎባት በእ.ኤ.አ. 1830 ጎንደር ገብቶ ወንጌሉን ሲያድል ከካህናቱ ጋር በሃይማኖት ይከራከር ነበርና፣ ጸቡ ከሰውየው ወደ መጽሐፉ ተላለፈ። ጎባት ከጊዜ በኋላ የላካቸው የእጅ ባለሙያዎችም በደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው ጋፋት ሰፍረው፣ መጽሐፍ ሊያድሉ መጥተው ለዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ሲሠሩ ተገኙ። ሰው መድፉን አይረሳም፤ የተርጓሚውን ስም ግን ማን ይጠራል? በየዐውደ ምሕረቱ ስለ ሚሲዮኖቹ የሚነገረው ሩቡ እንኳ ስለ አቡ ሩሚ ቢነገር ይህ ጥያቄ ባልተነሣ።

ጠያቂ፦ ከዚያ ወዲህስ?

መሪጌታ፦ ከዚያ ወዲህ በግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የ1954 ዓ.ም. ትርጉም ወጣ፣ ቤተ ክርስቲያንም በ2000 ዓ.ም. 81ዱን መጻሕፍት በአማርኛ አሳተመች፤ የወንጌሉ አንድምታም ቢሆን ታትሞ በገበያ ይገኛል።

ጠያቂ፦ ታዲያ የሚጀምር ሰው ከየት ይጀምር?

መሪጌታ፦ ከዘፍጥረት የሚነሣ ብዙ ነው፤ ዘጸአት መጨረሻ፣ የድንኳኑ ልክ ሲቆጠር፣ ይቆማል። የሚሻለው ቤተ ክርስቲያን ራሷ የሠራችው ሥርዐት ነው፤ ግጻዌ። ግጻዌ በየዕለቱና በየበዓሉ በቅዳሴ የሚነበበውን የሚያመለክት መጽሐፍ ነው። ቅዳሜ ማታ የነገውን አራት ንባብ ከግጻዌ አውጥቶ፣ የተቆረጠውን ክፍል ብቻ ሳይሆን ምዕራፉን በሙሉ ማንበብ ይገባል፤ ማን እንደሚናገር፣ ለማን እንደሚናገር፣ ከዚያ በፊት ምን እንደ ተባለ ለይቶ፣ ያልገባውን በደብተር ጽፎ፣ አንድምታውን ማየት፣ እምቢ ያለውን ለንስሐ አባት መውሰድ። ጊዜ የለም የሚለው ሰበብ ለዚህ አገር አይሠራም፤ ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው በውሃ ሲዋጥ ብዙ ሰው ከቤቱ አይወጣም።

ይህ ሁሉ ይበዛብኛል ለሚል የዐቢይ ጾም ወንጌል ይበቃዋል። ከዘወረደ እስከ ኒቆዲሞስ ባሉት ሰባት እሑዶች በቅዳሴ የሚነበበው ወንጌል ከዮሐንስ ምዕራፍ 2፣ 3 እና 5፣ ከማቴዎስ ምዕራፍ 6፣ 24 እና 25 ነው፤ በሰባት ሳምንት ስድስት ምዕራፍ።